የባለሻሽ ዓሦች መኖር እንዴት እንደተረጋገጠ

ተረት ላምጣ? አምጣ ካላችሁኝ እንግዲህ ጠጋ በሉና ስሙ። ውሸቱ የእኔ ነው፤ እውነት ካገኛችሁበት ግን የራሳችሁ ጉዳይ ነው።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳት ሁሉ ቋንቋ በነበራቸው ዘመን፣ ሾላና ዋርካ የከበበው አንድ ትልቅ ሐይቅ ነበር። በሐይቁ ዳር የሚኖሩት እንስሳት ስብሰባ ነፍሳቸው ነው። ሣር ሲደርቅ ይሰበሰባሉ፣ ሣር ሲለመልም ይሰበሰባሉ፤ ስብሰባ ሲበዛባቸውም ስለ ስብሰባ መብዛት ይሰበሰባሉ። ከሸንጎዎቻቸው ሁሉ የተከበረው «የሐይቁ ዓሦች ጥናትና ጥበቃ ሸንጎ» የሚባለው ነበር። ሰብሳቢው አያ ጉማሬ ናቸው። ዋናው ሊቅ አባ ኮዳ ናቸው፤ ያ ራሰ በራው፣ አንገቱ ሥር ኮሮጆ አንጠልጥሎ እጁን ወደ ኋላ እንዳጣመረ ሽማግሌ የሚራመደው ትልቅ አሞራ። የናሙና ቤቱ ኃላፊ ደግሞ እሜቴ ጦጢት ነበረች። ዓሦች ራሳቸው አባል አልነበሩም። የከለከላቸው የለም፤ ስብሰባው የብስ ላይ ስለሚደረግ ብቻ መጥተው አያውቁም። ሸንጎውም በየስብሰባው መክፈቻ ላይ ስለ መቅረታቸው ከልቡ ያዝን ነበር።

የዚህ ተረት ባለጉዳይ ግን ሻላ ነው። ሻላ ማለት ሰዎች ፔሊካን የሚሉት፣ ከመንቆሩ ሥር ውሃ የሚቋጥር ከረጢት ያለው፣ ትልቁ ነጭ ወፍ ነው። ከሸንጎው አባላት ሁሉ ዓሣን ከምሩ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነበር። ይበላቸዋል፤ ይህን አንሸሽግም። ቆረሶና አምባዛ ቁርሱ ናቸው። ነገር ግን በልቶ ከጠገበ በኋላ የተረፉትን ቁጭ ብሎ ያያቸዋል፦ የት እንደሚውሉ፣ ማን ከማን እንደሚጋባ፣ ጭቃውን ማን እንደሚወድ፣ ጠጠሩን ማን እንደሚወድ። ይህ ማየት ቀስ በቀስ ወደ ፍቅር ተለወጠበት። አንድ ነገር ብቻ ይቆረቁረው ነበር። ሸንጎው «ሊቅ» ብሎ ጠርቶት አያውቅም፤ «ያ ነጩ» ነበር የሚሉት።

ወንዙ ወደ ሐይቁ ከመግባቱ በፊት ጠጠሬ በሚባል ስፍራ ላይ ያልፋል። ጠጠሬ ውሃው ጥርት ያለ፣ ሥሩ በንጹሕ ጠጠር የተነጠፈ ነው። እዚያ ግንባራቸው ላይ ነጭ ሻሽ ያሰሩ የሚመስሉ ዓሦች ይኖሩ ነበር፤ ስለዚህ ባለሻሾች ይባላሉ። በዓለም ላይ ከጠጠሬ በቀር ሌላ አገር የላቸውም። ክረምቱ ሲወጣ እንቁላላቸውን በጠጠሩ መካከል ይጥላሉ፤ ውሃው እያጠበ ያሳድግላቸዋል። እንቁላሉ ጭቃ ካገኘው ግን ታፍኖ ይሞታል። የባለሻሾች ታላቅ እትዬ ዘርትሁን ትባል ነበር። ሻላ አንድም ባለሻሽ በልቶ አያውቅም፤ ለምን እንደሆነ ሲጠየቅ ጨው የላቸውም ይላል እንጂ እውነቱ ከእትዬ ዘርትሁን ጋር ጨዋታ ስለለመደ ነው።

አንድ ቀን አያ ጉማሬ ሸንጎውን ጠሩና አፋቸውን በሰፊው ከፍተው አዛጉ። የስብሰባው መክፈቻ ይህ ነበር።

«ወገኖቼ፣» አሉ፣ «የጉማሬ ጤና የሐይቁ ጤና ነው። ለጤናችን ደግሞ መልካም ጭቃ ያስፈልገናል። ስለዚህ ጠጠሬን ቆፍረን፣ ጠጠሩን ጥለን፣ ጭቃ መንከባለያ እናደርገዋለን።»

ሁሉም አጨበጨቡ። ሻላ ብቻ ክንፉን አነሳ።

«አያ ጉማሬ፣ ሕግ አለብን እኮ። ‹ሌላ ቦታ የማይገኝ ፍጡር የሚገኝበት ስፍራ አይቆፈርም፣ አይረገጥም› ብለን የለም?»

እውነት ነው፣ ብለዋል። ሕጉን ያወጡት ሁሉም ጠግበው በዋሉበት አንድ ደስ የሚል ቀን ነበር፤ እንዲህ ያለ ፍጡር ይኖራል ብሎ ያሰበ ግን አልነበረም። አያ ጉማሬ ወደ አባ ኮዳ ዞሩ። አባ ኮዳ ኮሮጆአቸውን እያወዛወዙ ትንሽ ተንጎራደዱ።

«ሕጉ ትክክል ነው፣» አሉ። «ግን ‹የሚገኝ ፍጡር› ነው የሚለው። ባለሻሽ የሚባል ዓሣ ስለመኖሩ ሸንጎው የሚያውቀው የለም። መኖሩ ይረጋገጥ፤ ከዚያ ጠጠሬ አይነካም።»

ሻላ ደስ ብሎት በረረ። መኖራቸውን ማረጋገጥ ምን ይከብዳል ብሎ ነው። ጠጠሬ ደርሶ ነገሩን ለእትዬ ዘርትሁን አጫወታት።

«እኛ መኖራችንን መቼ ተጠራጠርን?» አለችው።

«እናንተማ አልተጠራጠራችሁም። እነሱ ናቸው።»

«ታዲያ መጥተው ይዩና።»

«ውሃው ይቀዘቅዛቸዋል።»

«አባ ኮዳ እግራቸው ረጅም አይደል?»

«እሱስ ነው። ግን ሊቅ ሆነው እግራቸውን ሊያረጥቡ?» አለ ሻላ። «ግድ የለሽም፣ አንድ ዓሣ ስጪኝ። በከረጢቴ ውሃ ይዤ አሳይቼ እመልሰዋለሁ። እኔ እያለሁ ጠጠሬ አይነካም፤ ይኸው ቃሌ።»

የዘርትሁን ታናሽ ወንድም ላቀው ወደ ፊት ወጣ። መልከ ቀና ነበር፤ ሻሹም ከሁሉ የነጣ። «እኔ ልሂድ፤ አገርም ልይበት» ብሎ ሻላ መንቆር ውስጥ ዘሎ ገባ።

ሻላ ሸንጎው ፊት ቀርቦ ቆመ። ከረጢቱ በውሃ ተወጥሯል፤ ላቀው ውስጡ ይዋኛል።

«ማስረጃህን አመጣህ?» ሲሉ አባ ኮዳ ጠየቁ።

«እምም» አለ ሻላ።

«የታለ?»

ሻላ በክንፉ ወደ ከረጢቱ አመለከተ።

«ዓሣው ምን ዓይነት ነው? አኗኗሩን አስረዳን እንጂ።»

«እምም» አለ ሻላ። አፉን ቢከፍት ውሃው ሊፈስ፣ ላቀውም ሊወድቅ ነው። አፉን ካልከፈተ ደግሞ ምን ያስረዳል? ላብ አጠመቀው።

«ይህ ሊቅ ነኝ ባይ ዝም ብሎ ያጉረመርማል፣» አሉ አያ ጉማሬ። «መልስ የለውም ማለት ነው። ቁፋሮው ይቀጥል።»

ሻላ ይህን ሲሰማ ራሱን መግዛት አቃተው። «የለም፣ ይኸው ዓሣው—» ከማለቱ ውሃው ዥው ብሎ ፈሰሰ፤ ላቀውም አባ ኮዳ እግር ሥር ወድቆ ይፈራገጥ ጀመር።

«ያዙልኝ፣ ውሃ አምጡ» እያለ ሻላ ተንደፋደፈ። አባ ኮዳ ግን ጎንበስ ብለው ዓሣውን በአንድ ዓይናቸው፣ ቀጥሎም በሌላው ዓይናቸው ተመለከቱት።

«ይህ ማስረጃ አይሆንም፤ ይንቀሳቀሳል፣» አሉ። «የሚንቀሳቀስ ዓሣ አይለካም፤ አሁን ረዘመ ስትል ያጥራል። ዛሬ እዚህ ነው፣ ነገ የት እንደሚሆን ማን ያውቃል? ማስረጃ ማለት የትም የማይሄድ ነው። ጦጢት፣ ጠርሙስ።»

እሜቴ ጦጢት ሰዎች ሐይቁ ዳር ለሽርሽር መጥተው የጣሉትን አፈ ሰፊ ጠርሙስ ይዛ መጣች። ከመንደር ሰርቃ ያመጣችውን አረቄ ሞላችበትና ላቀውን ጨመረችው። አረቄ ሬሳን ከመበስበስ ያድናል፤ ይህን የምታውቅ እሷ ብቻ ስለሆነች ነው የተሾመችው። ላቀው ትንሽ ተንፈራገጠና ዝም አለ።

«አሁን አለ፣» አሉ አባ ኮዳ ጠርሙሱን ወደ ፀሐይ እያነሱ። «እንኳን ደስ ያለህ፣ ሊቁ ሻላ።»

ሻላ አፈረ። አዘነ። ግን ደግሞ «ሊቁ» ሲባል የመጀመሪያው ስለነበር ሆዱ ውስጥ ሞቅ አለው። ማፈሩ ይበልጥ እንደሆነ ወይም ደስታው፣ መርምሮ ላለማወቅ ሲል ወደ ሌላ አቅጣጫ አየ።

ጠጠሬ ሲመለስ እትዬ ዘርትሁን ትጠብቀው ነበር።

«ላቀውስ?»

«ቀረ።»

«የት ቀረ?»

«ጠርሙስ ውስጥ።»

«ታመመ እንዴ?»

«አልታመመም። ማስረጃ ሆነ።»

ዘርትሁን ከጠጠሩ ሥር ገብታ ቆየች። ስትወጣ «ለጠጠሬ ነው?» ስትል ጠየቀችው። ለጠጠሬ ነው አላት። «እንግዲያ ለወገኑ ነው የሞተው» አለችና ለቅሶ ተቀመጡ። ሻላም አብሯቸው ተቀመጠ፤ ያን ቀን ቁርስ አልበላም።

ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃ መስሎት ነበር። በሚቀጥለው ስብሰባ ግን አባ ኮዳ አንድ ሐሳብ መጣላቸው። አንድ ዓሣ ምን ያረጋግጣል? ምናልባት ግንባሩ ላይ ኖራ የነካው ተራ ዓሣ ቢሆንስ? ወንድ ከሆነም ሴቷ ትምጣ። ሴቷ መጣች። ወንድና ሴት ካሉ ልጅ የታለ? ልጅም መጣ። ልጁ ሲያድግ እናቱን እንደሚመስል በምን ይታወቃል? ስለዚህ ጎረምሳም መጣ፣ ኮረዳም መጣች፣ አረጋዊም መጣ። ሻላ በመጣ ቁጥር ዓሦቹ ይሰበሰባሉ። መጀመሪያ እያለቀሱ ነበር የሚሰጡት፤ በኋላ ግን ወግ ሆነ። ወገኑን የሚያሳፍር መልከ ጥፉ ጠርሙስ እንዳይገባ እየተባለ መማረጥ ተጀመረ። አንዳንዱ ቤተሰብ «ከእኛ ቤት እስካሁን ማንም አልተጠራም» ብሎ እስከ መኮራረፍ ደረሰ።

ሻላም ለመደው። ይህን ማለት ደስ አይለኝም፤ ግን ለመደው። ዓሣ በተሸከመ ቁጥር «ይህ የመጨረሻው ነው» ይላል፤ ከሸንጎው ሲመለስ ደግሞ «ሊቁ ሻላ» የሚለው ድምፅ ጆሮው ውስጥ ይቆያል።

መኖራቸው ሊጸድቅ ነው በተባለ ዕለት ሸንጎው ወደ ናሙና ቤቱ ሄደ። ናሙና ቤቱ የእሜቴ ጦጢት ዋሻ ነው። ገና ከበሩ ላይ ሽታው ገፍቶ መለሳቸው። ጠርሙሶቹ ደርቀዋል፣ ዓሦቹ በስብሰዋል፣ እሜቴ ጦጢት ደግሞ ጥግ ላይ ተቀምጣ ታንጎራጉራለች።

«አረቄው የት ሄደ?» አሉ አያ ጉማሬ።

«ተነነ፣» አለች ጦጢት። ስትናገር ዓይኖቿ በየፊናቸው ይሄዱ ነበር። «አረቄ እንደሆነ ይተናል፤ ጠባዩ ነው።»

«ሁሉም?»

«ዓመቱ ሞቃት ነበር፣ ጌታዬ።»

አባ ኮዳ ነገሩን በጥሞና አሰቡበት። የደረሱበትም ውሳኔ ይህ ነው፦ ማስረጃው ስለጠፋ ዓሦቹ እንደገና የሉም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ይጀመር፤ ለእሜቴ ጦጢትም የሚተነውን የሚያካክስ ተጨማሪ አረቄ ይፈለግላት። ሻላ «እኔ ከትላንት በስቲያ አይቻቸዋለሁ እኮ» ብሎ ሊከራከር ሞከረ። ማየትና መኖር የተለያዩ ናቸው ብለው አስረዱት። እሱም ሄዶ እንደገና ለመናቸው፤ እነሱም እንደገና ሰጡ።

በመጨረሻ ጠርሙሶቹ ሞሉና መኖራቸው ጸደቀ። ከበሮ ተመታ። አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ አዲስ የተገኘ ፍጡር ስም ያስፈልገዋል። ሻላ ስማቸው ባለሻሽ ነው አለ፣ እነሱ ራሳቸው እንዲያ እንደሚባባሉ አስረዳ። እነሱ ማን ናቸው ተባለ። አባ ኮዳ ዓሣው በራሳቸው ስም ቢጠራ ደስ ባላቸው፤ ነገር ግን ሰብሳቢው እያዛጉ ስለነበር ያ ሁሉ ጥርስ ታያቸውና ሐሳባቸውን ለወጡ። ዓሣው «ጉማሬ ዓሣ» ተባለ። የአያ ጉማሬ ዓይን እንባ አቀረረ።

የዓሣው ዝና ሲወጣ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። የሰብሳቢው ስም ያለበት ዓሣ በቤቱ ሳይኖር ማን ባለሥልጣን ይባላል? ከርከሮው ቤት አንድ ጠርሙስ ተቀመጠ፣ ጅቡ ቤት ሌላ፣ ትልቁ እንሽላሊት አርጃኖው ከሁሉ የሚበልጥ ጠርሙስ አገኘ። ማታ ማታ እንግዳ ሲመጣ «ይህን ዓሣ አይተኸዋል? ብርቅዬ ነው፣ ሊጠፋ ነው ይባላል» እያሉ ያሳያሉ። ወደ ጠጠሬ የሚወስደው መንገድ በእግር ብዛት አቧራ ሆነ።

ሻላ ይህን የሰማው ሐይቁ ማዶ ስለ ዓሦች አጠባበቅ ንግግር ሊያደርግ ሄዶ ሳለ ነው። ንግግሩን ትቶ በረረ። ጠጠሬ ሲደርስ ውሃው ጭር ብሏል። ወዲያ ቢል ወዲህ ቢል ምንም የለም። ከብዙ ፍለጋ በኋላ ከአንድ ድንጋይ ሥር እትዬ ዘርትሁንንና ባሏን እንግዳሸትን አገኛቸው። እሷ ሆዷ በእንቁላል ተነፍቷል።

«ሌሎቹስ?» አላት፤ መልሱን ግን ያውቀው ነበር።

«ማስረጃ ሆኑ፣» አለችው። «ተርፈን የምታየን ሁለታችን ነን። እንቁላሌ ደርሷል፤ ጸጥ ያለ ጠጠር ባገኝ ዛሬውኑ እጥል ነበር።»

ያኔ ሻላ አለቀሰ። የለመደው ነገር ሁሉ ባንዴ ከላዩ ወደቀና ያደረገውን አየ። ይቅርታ ለመጠየቅ ጊዜ አልነበረም፤ ቁጥቋጦው ውስጥ ጠርሙስ የያዙ እንስሳት ኮቴ ይሰማ ነበር። መንቆሩን ከፍቶ ውሃ ሞላና «ግቡ፣ አዋጁ እስኪነገር ልሸሽጋችሁ» አላቸው። ባልና ሚስቱ ገቡ። ዛሬ ጠጠሬ እንደማይነካ ይታወጃል፤ እንስሳው ሁሉ ይበተናል፤ ያኔ መልሶ ሊለቃቸው ነው። አፉን ገጥሞ ወደ ሸንጎው ሄደ።

ሸንጎው ሞልቶ ነበር። አያ ጉማሬ አዛግተው ከፈቱት።

«ሕጋችን የታወቀ ነው፣» አሉ። «ሌላ ቦታ የማይገኝ ፍጡር የሚገኝበት ስፍራ አይነካም። ጉማሬ ዓሣ መኖሩ ተረጋግጧል። እንግዲህ የሚቀረው የት እንደሚገኝ ማወቅ ነው። አባ ኮዳ?»

አባ ኮዳ ተንጎራደዱ። «ሊቃውንት ልከን ጠጠሬን ከላይ እስከ ታች አስፈትሸናል። አንድም ጉማሬ ዓሣ አልተገኘም። ቀጥሎ በጥልቀት አጠናን። ጉማሬ ዓሣ የሚገኘው በእሜቴ ጦጢት ዋሻ ውስጥ ነው። በብዛት ይገኛል። ጤንነቱም የተጠበቀ ነው።»

ጉባኤው በአድናቆት አጉረመረመ።

«ስለዚህ፣» አሉ አያ ጉማሬ፣ «ከዛሬ ጀምሮ የጦጢት ዋሻ የተከለለ ስፍራ ነው። ማንም እንዳይረግጠው። ለዓሦቹ ደኅንነት የሚሆን አረቄ በየወሩ ይግባላት። ጠጠሬ ግን ልዩ ፍጡር የሌለበት ተራ ስፍራ ስለሆነ ቁፋሮው ዛሬውኑ ይጀመር። የሚቃወም አለ?»

ሻላ ብድግ አለ። ሁሉም ወደ እሱ ዞሩ።

ልጩህ አለ በልቡ። ይኸው በሕይወት አሉ ልበል። ግን አፉን ከከፈተ ዘርትሁንና እንግዳሸት የሚወድቁት አባ ኮዳ እግር ሥር ነው፤ እሜቴ ጦጢትም ጠርሙሷን ይዛ ፊት ለፊቱ ተቀምጣለች። ዝም ካለ ደግሞ ጠጠሬ ሄደ። ከረጢቱ ውስጥ ዘርትሁን ስትንቀሳቀስ፣ እንቁላል የተሸከመ ሆዷ ጉሮሮውን ሲነካው ተሰማው። እንባው በመንቆሩ ላይ ወረደ።

«እምም» አለ።

«ሊቁ ሻላም ተስማምተዋል፣» አሉ አባ ኮዳ። «ከደስታ የተነሳ ያለቅሳሉ።»

«እምም፣ እምም» አለ ሻላ ራሱን በኃይል እየነቀነቀ።

«ትሕትናቸው ነው፣» አሉ አያ ጉማሬ። «ይህ ሁሉ ያለ እሳቸው ድካም አይሆንም ነበርና የዓሦች አባት ብለን ሰይመናቸዋል። እስቲ የምስጋና ቃል ያሰሙን።»

ጉባኤው አንገቱን አስግጎ ጠበቀ። ሻላ አፉን እንደገጠመ ቆመ። ቆመ፤ ቆመ። በመጨረሻ ጭብጨባው ፈነዳ፤ እንዲህ ያለ ቁም ነገር የሞላው ንግግር ሰምተው እንደማያውቁ እርስ በርሳቸው ተነጋገሩ።

ሻላ ክንፉን ዘርግቶ ተነሳ። በቀጥታ ወደ ጠጠሬ በረረ፤ ቢቀድማቸው ብሎ ነው። ጉማሬዎቹ ግን ቀድመውታል። ጠጠሩ ዳር ላይ ተቆልሏል፤ ጥርት ያለው ውሃ ቡናማ ሆኖ ይፈላል፤ መካከሉ ላይ ወይፈን ጉማሬዎች ጀርባቸውን እያሻሹ ይስቃሉ። ሻላ ከላይ ዞረ። ወደ ወንዙ ምንጭ ወጣ፤ እዚያ ውሃው ከድንጋይ የሚንጠባጠብ ብቻ ነው፣ ዓሣ አያዋኝም። ወደ ሐይቁ ወረደ፤ ሐይቁ ሥሩ ጭቃ ነው፣ አምባዛም ሞልቶበታል። ተመልሶ ጠጠሬ ላይ ዞረ። ክንፉ ዛለ። ከረጢቱ ውስጥ ያለው ውሃም መሞቅ ጀመረ።

ባልና ሚስቱ ሁሉን ሰምተዋል፤ የመንቆር ቆዳ ስስ ነው።  እትዬ ዘርትሁን በከረጢቱ ውስጥ ሆና፣ ቁጣም ልመናም በሌለበት ድምፅ እንዲህ አለችው፦

«የሞቱት ወገኖቼስ የተከለለ ቦታ አገኙ። እኛን በሕይወት ያለነውን የት ልትተፋን ነው፣ ሻላ?»